ጊዜው አልፏል ወይስ አንድ ቀን ከድቶት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ዕድሜና ስፖርትን የተመለከቱ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን እንመልሳለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአዘዞ፦ «እኛ ሰፈር ሻይ ቤት ክርክሩ አላልቅ ብሏል። ግማሹ ሯጩ ቀነኒሳ በቀለ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን 39ኛ ሲወጣ አብቅቶለታል ባይ ነው። ሌላው ደግሞ በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ሁለተኛ የወጣ ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል ይላል። ማን ነው ልክ?»

ሁለቱም ወገን አንዳንድ ውድድር ይዞ ነው የሚሟገተው። በአንድ ውድድር ደግሞ ለማንም አይፈረድም። ሰዓቶቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

በርሊን፣ 2019፣ በ37 ዓመቱ 2:01:41። ይህ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ መሮጥ ነው። ለንደን፣ ሚያዝያ 2024፣ በ41 ዓመቱ 2:04:15። አማካዩ 2 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ገደማ ሆነ። በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ የጠፋው በኪሎ ሜትር አራት ሰከንድ አይሞላም። ያሸነፈው ኬንያዊ አሌክሳንደር ሙቲሶ ሙንያኦ የቀደመውም በ14 ሰከንድ ብቻ ነው። ይህን ሰዓት ብቻ ያየ ሰው «አበቃለት» የሚልበት ምክንያት አይኖረውም።

ፓሪስ ላይ ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ 2:12:24 ገባ። ከለንደኑ በ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። ዳገቱ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው፣ መንገዱ በድምሩ ከ400 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ ነበር። ግን በዚያው መንገድ ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸንፏል። የታምራት ምርጥ ሰዓት 2:03:39 ስለሆነ፣ መንገዱ ከእሱ የወሰደው ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ነው። ቀነኒሳ ላይ ከስምንት ደቂቃ በላይ ሲሆን ትርፉን ዳገት ብቻ አያስረዳውም።

እኛ የምናየው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቁልቁለቱ ነው። ሽቅቡ ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁሉ ግን የፊት ታፋን ጡንቻ እየሳበ ይሰነጣጥቀዋል፣ ያ ጉዳት የሚጠገንበት ፍጥነት ደግሞ ከ40 በኋላ በግልጽ ይቀንሳል። ሁለተኛው የቀኑ ቅርበት ነው። ከለንደን እስከ ፓሪስ ያለው 16 ሳምንት ገደማ ነበር። ከማራቶን ለማገገም አራት ሳምንት፣ ከውድድር በፊት ልምምድ ለማቅለል ሦስት ሳምንት ቢቀነስ፣ ለእውነተኛ ዝግጅት የሚተርፈው ዘጠኝ ሳምንት ነው። ለ25 ዓመት ወጣት ይህ ይበቃው ይሆናል።

ስለዚህ ለሻይ ቤቱ መልሳችን ይህ ነው፦ ከ2004 እስከ 2009 የነበረው፣ 5,000 ሜትርን በ12:37.35፣ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 የሮጠው ቀነኒሳ ካለፈ ቆይቷል፤ እሱን መጠበቅ ደግ አይደለም። በሜዳማ ከተማ፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት፣ በዓመት አንድ ማራቶን የሚሮጠው ቀነኒሳ ግን እስከ 2024 ድረስ ከግንባር ቀደሞቹ ጋር ነበር። ዳገት የበዛበት ውድድር በአጭር ጊዜ ልዩነት ሲደራረብበት ነው ዕድሜው የታየው።

ዕድሜ የሚወስደው በተራ ነው። መጀመሪያ ማገገም ይዘገያል፣ ቀጥሎ የመጨረሻዋ ፍጥነት ትሄዳለች፣ ጽናት ከሁሉም በኋላ ይቀራል። ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ በ1968 ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1972 ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ወስዷል። ኃይሌ 2:03:59 የሮጠው በ35፣ ደራርቱ ኒው ዮርክን ያሸነፈችው በ37 ነው። በ5,000 ሜትር በዚያ ዕድሜ የሚያሸንፍ ማግኘት ግን ብርቅ ነው። ምሩጽ ይፍጠርን የሚጠቅስልን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱን ወርቅ ሲወስድ ዕድሜው ራሱ አከራካሪ ስለነበር ለማስረጃነት አንጠቀምበትም።

ሁለት ማሳሰቢያ። በ2014 ፓሪስ ላይ በ31 ዓመቱ 2:05:04 ሮጦ በ41 ዓመቱ 2:04:15 መሮጡን አይተው «ዕድሜው ሲገፋ ፈጠነ» የሚሉ አሉ። ከ2017 ወዲህ የካርቦን ሳህንና ወፍራም ስፖንጅ ያለው ጫማ መግባቱን ረስተውታል፤ የሁለት ዘመን ሰዓት ሲወዳደር ጫማውን መቁጠር ያስፈልጋል። ሌላው፣ የልደት ዘመንን በእኛ አቆጣጠር የውድድሩን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር እየወሰዳችሁ አትቀንሱ። ቀነኒሳ የተወለደው ሰኔ 6 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ 1982። ሳያገናዝቡ የቀነሱ ሰዎች ፓሪስ ላይ «የ50 ዓመት ሰው» አድርገውታል።

ከማራኪ ግቢ ተማሪ፦ «ሕንዳዊ መምህራችን ስለ ቪራት ኮህሊ አንስቶ አይጠግብም። አርጅቷል ይላሉ ብሎ ይናደዳል። ክሪኬትን ጨርሶ አላውቀውም። ዱላ ይዞ የሚመታ ሰው ማርጀቱ በምን ይታወቃል?»

ከገና ጨዋታ ጋር አታምታታው፤ ዱላና ኳስ ከመኖሩ በቀር አይገናኙም። በክሪኬት መቺው ከጀርባው ሦስት የተተከሉ እንጨቶች አሉ፣ ወርዋሪው ኳሷን መሬት አንጥሮ እነሱን ለመጣል ይሞክራል። መቺው እንጨቶቹን እየጠበቀ ኳሷን ርቆ መትቶ ነጥብ ይሰበስባል፣ እስኪወጣ ድረስም ይቀጥላል። የመቺ ዋና መለኪያው አማካይ ነው፦ የሰበሰበው ነጥብ በወጣበት ብዛት ይካፈላል። በአምስት ቀኑ ረጅም ጨዋታ 50 እና ከዚያ በላይ አማካይ ያለው ከታላላቆቹ ይቆጠራል።

በሁለቱ የእንጨት ረድፎች መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ነው። ፈጣን ወርዋሪ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ቢወረውር ኳሷ መቺው ዘንድ የምትደርሰው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ወደፊት ልራመድ ወይስ ወደ ኋላ ልመለስ የሚለው ውሳኔ ኳሷ መንገድ ላይ ሳለች ማለቅ አለበት። ዕድሜ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘገየው እግር ነው። ዓይኑ ኳሷን ያያታል፣ እጁም ያውቃታል፣ እግሩ ግን ተገቢው ቦታ አልደረሰም፤ በዚህ ጊዜ ዱላው ከሰውነት ርቆ ይዘረጋል፣ ኳሷ ጠርዙን ነክታ ከኋላ ለቆሙት ያዦች ትሄዳለች። ወይም ዱላው ዘግይቶ ኳሷ እንጨቱን ወይም ከእንጨቱ ፊት ያለውን እግር ትመታለች። ስለዚህ ነጥቡን ብቻ አትቁጠር፣ እንዴት እንደወጣም ጻፍ። አንድ ዓይነት አወጣጥ ከተለያዩ ወርዋሪዎች ሲደጋገም ያ ምልክት ነው።

የኮህሊን ብንወስድ፣ እስከ 2019 መጨረሻ በ84 ረጅም ጨዋታዎች 7,202 ነጥብ፣ በ54.97 አማካይ ነበረው። ከዚያ እስከ ግንቦት 2025 ድረስ ባሉት 39 ጨዋታዎች የጨመረው 2,028 ነጥብ ብቻ ሲሆን የእነዚያ ጨዋታዎች አማካይ 31 ገደማ ነው። 39 ጨዋታ ዕድል ቢስነት የሚባልበት ቁጥር አይደለም። በ2024 መጨረሻ አውስትራሊያ ላይ ፐርዝ ከተማ መቶ ነጥብ ካስቆጠረ በኋላ በዚያው ጉዞ በተደጋጋሚ የወጣው ከውጭ በኩል በምታልፍ ኳስ፣ በጠርዝ ነው። እዚህ ላይ መምህርህ የሚከራከርበት አንድ ጥሩ ነጥብ አለው፦ በእነዚያ ዓመታት አብረውት የሚጫወቱት ፑጃራና ራሃኔም ቀንሰው ነበር፤ ስለዚህ ሜዳውም ወርዋሪውም ድርሻ አላቸው። ቢሆንም ከ55 ወደ 31 የወረደውን ሁሉ ሜዳ ላይ መጣል አይቻልም። በግንቦት 2025 ከረጅሙ ጨዋታ ራሱን አግልሏል።

በአንድ ቀኑ አጭር ጨዋታ ግን ሌላ ሰው ነው። የካቲት 2025 ዱባይ ላይ በ36 ዓመቱ ፓኪስታን ላይ ሳይወጣ መቶ ነጥብ አስቆጥሯል። ምክንያቱም በአጭሩ ጨዋታ ነጯ ኳስ አየር ላይ ብዙ አትጠማዘዝም፣ ከኋላ የሚቆሙ ያዦችም ያነሱ ናቸው። የዘገየ እግር እዚያ ይቅር ይባላል።

ለመፍረድ እንዳትቸኩል ግን ሌላውን ታላቅ የሕንድ መቺ ሳቺን ቴንዱልካርን ተመልከት። በ2006 በገዛ ከተማው በሙምባይ ተመልካች ጮኾበት ነበር። በ2010፣ 37 ዓመት በሞላበት ዓመት፣ በ14 ጨዋታ 1,562 ነጥብ በ78.10 አማካይ ሰበሰበ። ከጥር 2011 በኋላ ግን በረጅሙ ጨዋታ መቶ ሳያስቆጥር በኅዳር 2013 አቆመ። «አበቃለት» ያሉት በ2006 ተሳሳቱ፣ በ2012 ያሉት ልክ ነበሩ። በ2006 ችግሩ የትከሻና የክርን ጉዳት ስለነበር ሲታከም ተመለሰ።

ከቀበሌ 18 መምህር፦ «ዕድሜዬ 44፣ ክብደቴ 65 ኪሎ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት 10 ኪሎ ሜትር በ43 ደቂቃ እሮጥ ነበር፤ ዘንድሮ 47 ሆነብኝ። ዕድሜ ነው ብዬ ልቀበለው?»

አይቀበሉት፣ ቢያንስ ሁሉንም። በእርስዎ ዕድሜ ልምምዱን ያላቋረጠ ሰው በዓመት አንድ በመቶ አካባቢ ቢያጣ ነው። ይህ በሁለት ዓመት 50 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። የቀሩት ሦስት ደቂቃዎች የሌላ ነገር ናቸው፤ እነሱን እንፈልግ።

መጀመሪያ የ43 ደቂቃው የት እንደተሮጠ ያስታውሱ። ባሕር ዳር ከሆነ ሜዳ ነው፣ ከጎንደርም 300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ከጎንደር ዳገት ጋር አይወዳደርም። ቀጥሎ ደም ይመርመሩ። ወደ መተማ ወይም ወደ ሌላ ቆላ ወርደው የተመለሱ ከሆነ ወባ ታሞ የዳነ ሰው ሳምንታት ደሙ አንሶ ሊቆይ ይችላል። ሄሞግሎቢን ብቻ ሳይሆን የሚገኝ ከሆነ ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት ጭምር ያሳዩ። ፌሪቲን ከ30 በታች ሆኖ ሄሞግሎቢን ደህና የሆነበት ሯጭ ብዙ ነው፤ ዳገት ላይ እግሩ እንደ እርሳስ ይከብደዋል፣ ሐኪሙ ደግሞ «ደምህ ደህና ነው» ይለዋል። ሳይመረመሩ የብረት ክኒን አይጀምሩ፣ ብረት ሲበዛም ይጎዳል። ጤፍ ብረት አለው፤ ግን ከምሳ ላይ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ከደረሰበት አብዛኛው ሳይገባ ያልፋል። ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል ያዘግዩት፣ ምግቡ ላይ ሎሚ ወይም ጥሬ ቲማቲም ይጨምሩ።

ደሙ ደህና ከሆነ ራስዎን ይፈትኑ። ትራክ ካላገኙ በአዘዞ በኩል ሜዳማ አስፋልት ይምረጡና ባጃጅ ሳይበዛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይሂዱ። 15 ደቂቃ በዝግታ ይሩጡ፣ ከዚያ 80 ሜትር አራት ጊዜ ፈጠን ብለው ይመላለሱ። በመጀመሪያው ቀን 200 ሜትርን አራት ጊዜ በሙሉ ኃይል ይሩጡ፣ በመካከል ሦስት ደቂቃ ይራመዱ፣ አማካዩን ይጻፉ። ከሦስት ቀን በኋላ 3 ኪሎ ሜትር ይለኩ። በየአራት ሳምንቱ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጫማ ይደግሙታል። ንጽጽሩ ዋጋ የሚኖረው ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ሲቀር ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ አንዱን ጠዋት ሌላውን ከምሳ በኋላ ይለካል።

የ200 ሜትሩ ሰዓት እንደ ቀድሞ ሆኖ 3 ኪሎ ሜትሩ ከዘገየ የጎደለው የሩጫ ብዛት ነው፤ ሳምንታዊ ርቀትዎን በየሳምንቱ ከ10 በመቶ ሳያስበልጡ ይጨምሩ፣ ከሱ ውስጥ አብዛኛው እያወሩ የሚሮጡት ዓይነት ይሁን። 200 ሜትሩ ከወደቀ ግን ጡንቻ እየቀነሰ ነው፣ ይህ የዕድሜ እጅ ነው። መድኃኒቱ አጭር ዳገት ነው፣ ጎንደር ደግሞ ዳገት አታጣም። በሳምንት አንድ ቀን ከ8 እስከ 10 ሰከንድ የሚወስድ ዳገት በኃይል ይውጡ፣ በእግር እየተራመዱ ይውረዱ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይረፉ። በአራት ይጀምሩ፣ በስድስት ሳምንት ስምንት ይድረሱ። ትንፋሽ ከመመለሱ በፊት ከደገሙት ፍጥነቱ ቀርቶ ድካም ብቻ ይሆናል።

ማገገምን በልብ ምት ይከታተሉ። ከአልጋ ሳይነሱ ለሰባት ጠዋት ቆጥረው አማካዩን ይያዙ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ሁለት ሦስት ቀን ከሰባት ምት በላይ ከጨመረ የከባድ ልምምዱን ቀን ያሳልፉት። በ30 ዓመትዎ በሳምንት ሦስት ከባድ ቀን ይችሉ ከነበረ አሁን በ10 ቀን ሦስት ያድርጉት። ሰባት ቀን የሥራ መርሐ ግብር ነው፣ ጡንቻ አያውቀውም።

ጾሙንም ሳናነሳ አናልፍም፣ ምክንያቱም በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ እየተዳከሙ «አረጀሁ» የሚሉ ሯጮች ይጽፉልናል። በ40ዎቹ ያለ ሯጭ በኪሎ 1.5 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ መልካም ነው፤ ለእርስዎ ወደ 100 ግራም። አንድ ሰው የሚበላው ሽሮ ውስጥ 50 ግራም ዱቄት ቢኖር ፕሮቲኑ 10 ግራም ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሽሮ ብቻ አይወጣውም። 100 ግራም ምስር ክክ 24 ግራም ገደማ፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም የሽንብራ ቆሎ ከ10 እስከ 13 ግራም ይሰጣል፤ እንጀራውም የራሱን ያዋጣል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ጠዋት አያድርጉት። በ9 ሰዓት ቀለል ያለ ነገር፣ በ11 ልምምድ፣ በ1 ሰዓት ሙሉ እራት።

ጫማውም ይጠየቅ። ከ600 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሮጠ ጫማ ስፖንጁ ይሞታል። ሰልባጅ ከሆነ ሶሉ አዲስ ቢመስልም ስፖንጁ ከመግዛትዎ በፊት ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልተመለሰ ይተዉት።

ከአራዳ እናት፦ «51 ዓመቴ ነው። ጠዋት ስነሳ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ይደርቅብኛል፣ ስራመድ ይፈታል። ዳገቱን ልተወው?»

ለጊዜው ዳገቱን በሩጫ መውጣት ይተዉ። ሕመሙ ከተረከዝ አጥንት ከሁለት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ የደረጃ ልምምድ ይሠራል። በእግርዎ ፊተኛ ክፍል የደረጃ ጠርዝ ላይ ይቁሙ፣ በሁለቱም እግር ይነሱ፣ በታመመው ብቻ ቀስ ብለው ተረከዙን ከደረጃው በታች ያውርዱ። ጉልበት ተዘርግቶ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፤ ጠዋትና ማታ፣ 12 ሳምንት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ ሕመም ቢኖር አይደንግጡ፤ ሲቀልዎ በውኃ የተሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች በቦርሳ ይሸከሙ። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ ሲሻለው ያቆማል፣ ለዚህ ነው የሚመለስበት። ሕመሙ ጅማቱ አጥንቱን በሚይዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ተረከዝዎን ከደረጃው በታች አያውርዱ፣ በልኩ ይቁሙ። በድንገት «ጧ» ብሎ በጣት መቆም ካቃተዎት ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ከሰፈር ቡድን አሠልጣኝ፦ «አጥቂያችን 36 ሞላው። ስሙ ትልቅ ነው፣ ጎል ግን አጥሮታል። ላስቀምጠው?»

ጎሉን ትተው ሦስት ጨዋታ ላይ አንድ ልጅ ወረቀት አስይዘው ይህን ያስቆጥሩ፦ በመጀመሪያው 20 ደቂቃና በመጨረሻው 20 ደቂቃ ስንት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ሮጠ፣ ሳጥኑ ውስጥ ስንት ኳስ ነካ። የሳጥኑ ቁጥር እንዳለ ሆኖ ሩጫው በመጨረሻ ብቻ ከወደቀ በ60ኛው ደቂቃ መቀየር ይበቃል። ሩጫው ከመጀመሪያም አንሶ ሳጥን ውስጥ ሲደርስ ግን አሁንም ከተገኘ ከክንፍ አውጥተው መሃል ያቁሙት፤ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ30ዎቹ የሠራው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ከወደቁ ተቀያሪ ያድርጉት፣ ግን ራሱን ለብቻው ጠርተው ወረቀቱን ያሳዩት እንጂ በቡድኑ ፊት አይንገሩት። በሁለት ጨዋታ መካከል 72 ሰዓት ከሌለ ሁለቱንም ከመጀመሪያ አያስገቡት፤ በዚህ ዕድሜ ሳያርፉ በሚገቡበት ሁለተኛ ጨዋታ የኋላ ታፋ የመቀደድ ዕድሉ ይጨምራል።